ከአዳማ ወንጂ በብስክሌት፦ መንገድ ላይ የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ሌላ አገር ሰው ፀጥ ያለ መንገድ ፍለጋ ብስክሌቱን ይዞ ወደ ወይን እርሻ ይወጣል። እኛ አዳማዎች የሸንኮራ አገዳ አለን። ወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ በማሳዎቹ መሀል የተዘረጉት መንገዶች ቀጥ ያሉና መኪና የማይበዛባቸው ናቸው። ጠዋት ላይ የሚሰማው የቅጠሉ ሿሿታና የሰንሰለታችሁ ድምፅ ብቻ ነው። ብዙ ሰው ግን አንዴ ሞክሮ ይተወዋል፤ የሚተወውም አብዛኛውን ጊዜ በቀላሉ በሚስተካከል ችግር ነው። ይህን የምጽፈው እነዚያ ሰዎች እንዲመለሱ ነው።

ሜዳው እንደ ዳገት ከበደኝ

በብዛት የምሰማው ይህን ነው። መንገዱ ለጥ ያለ ሆኖ ሳለ ብስክሌቱ የታሰረ ይመስል አልሄድ ይላል። ሰው ወዲያው ጉልበቱን ይጠረጥራል፤ ካልሆነም ብስክሌቱን ጠጋኝ ቤት ወስዶ ደህናውን ዕቃ ያስቀይራል።

መጀመሪያ ጎማዎቹን ተራ በተራ ከመሬት አንሥታችሁ አሽከርክሩ። ጥቂት ዙር ሳይሄድ የሚቆም ከሆነ የፍሬኑ ላስቲክ ቸርኬውን እየነካ ነው፤ አለዚያም ኩሽኔታው ግሪስ አልቆበታል ወይም ከልክ በላይ ጠብቋል። ቀጥሎ ጎማውን በአውራ ጣት ጫን አድርጉት። በቀላሉ የሚሰረጉድ ከሆነ ነፋስ ሙሉት። ሁለቱም ደህና ከሆኑ ግን የያዛችሁ ንፋስ ነው።

የአዳማ ንፋስ ደግሞ የሚናቅ አይደለም። ከከተማው በላይ ኮረብታው ላይ የቆሙት ተርባይኖች በመጀመሪያው ምዕራፍ 51፣ በሁለተኛው 153 ሜጋ ዋት እንዲያመነጩ የተተከሉት ለዚህ ነው። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ስትነዱ 20 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ንፋስ ፊት ለፊት ቢመጣባችሁ፣ ደረታችሁን የሚመታው በ40 ነው። የአየሩ ግፊት እጥፍ ብቻ አይሆንም፤ ንፋስ ከሌለበት ቀን አራት እጥፍ ይሆናል። በዚያ ላይ ፍጥነቴን አልቀንስም ብሎ የሚታገል ሰው ግማሽ መንገድ ላይ ቢወድቅ አይገርምም።

መፍትሄው ከቤት ሳትወጡ ይጀምራል። ቀና ብላችሁ ተርባይኖቹን እዩ። ክንፎቻቸውን ንፋሱ ወደሚመጣበት አዙረው ነው የሚቆሙት፤ ስለዚህ ከየትኛውም የአየር ትንበያ በፊት አቅጣጫውን ይነግሯችኋል። ስትሄዱ ንፋሱን ፊት ለፊት፣ ስትመለሱ ከጀርባ አድርጉት። በበጋ ንፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ከምሥራቅ በኩል ስለሚመጣ፣ ወደ ምሥራቅ የሚኬደው ጉዞ ሲወጡ ከባድ፣ ሲመለሱ ቀላል ነው። መንገድ ላይ ማርሹን አቅልሉ፣ ክርናችሁን አጠፍ አድርጉና ጎንበስ በሉ። ሁለት ሦስት ከሆናችሁ ፊት መሪነቱን ተቀያየሩ፤ ከፊታችሁ ካለው ጋር ግን ጎማ ለጎማ አትደራረቡ። ንፋሱ ከጎን ሲሆን ትልቅ መኪና ሲያልፋችሁ ለአፍታ ይጋርድና መልሶ ይለቅባችኋል፤ መሪውን ሳትጨብጡት ግን ሳትለቁት ጠብቁት።

ጎማው በአንድ ጠዋት ሦስቴ ተነፈሰ

ይህ በእኔ የደረሰ ነው። ወንጂ ሳልደርስ ተነፈሰ። ጎሚስታው ለጥፎ ሰጠኝ፤ ብዙም ሳልርቅ ደገመኝ፤ ሌላ ጎሚስታ ለጠፈው፤ እንደገና ተነፈሰ። በሦስተኛው ላይ ግራር ጥላ ሥር ቁጭ አልኩና ጎማውን ሙሉ በሙሉ አውጥቼ ወደ ውጭ ገልብጬ በፀሐይ ላይ አየሁት። ምንም አይታይም። ጣቴን ቀስ አድርጌ በውስጡ ሳዞር አንድ ቦታ ላይ ጫፌን ወጋኝ። ከሩዝ ፍሬ የምታንስ የኩርንችት ጫፍ ነበረች። ከውጭ ተቆርጣ ከጎማው ጋር እኩል ስለሆነች አትታይም፤ ነፋስ ሲሞላ ግን ወደ ውስጥ ብቅ ትላለች። በጥፍር መቁረጫ ነቀልኳት፤ ያን ቀን ከዚያ በኋላ አልተነፈሰም።

ኩርንችት በየመንገዱ ዳር የሚድህ አረም ነው። ፍሬው በየትም በኩል ቢወድቅ አንዱ እሾህ ሁልጊዜ ወደ ላይ ይቆማል። ስለዚህ ለማረፍ ስትቆሙ ብስክሌቱን ወደ ሣሩ አትግፉ፤ ተሸከሙት።

ቀዳዳው ራሱ ምክንያቱን ይናገራል። በከመነዳሪው (ነፋሱን በሚይዘው የውስጥ ላስቲክ) ውጭ በኩል አንዲት ቀዳዳ ካለች እሾህ ነው፤ እሾሁ ጎማው ውስጥ እንዳለ ቁጠሩት። ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ካለ ነፋሱ አንሶ ሳለ ጉድጓድ ወይም ድንጋይ ላይ ወጥታችሁ ከመነዳሪው ከቸርኬው ጋር ተቆንጥጧል፤ መፍትሄው መለጠፍ ብቻ ሳይሆን ነፋስ አለማሳነስ ነው። ቀዳዳው በውስጥ፣ በቸርኬው በኩል ከሆነ የራጂው ጫፍ ወግቶታል፤ ቸርኬው ላይ የሚጠመጠመውን ላስቲክ አስተካክሉ። ማታ የሞላ ጎማ ጠዋት ለስልሶ ካደረ ደግሞ ቫልቮላው ላይ ምራቅ አድርጉበት፤ አረፋ ካወጣ ችግሩ እዚያው ነው።

አንድ የሚረዳ ዘዴ አለ። ጎማውን ስትገጥሙ የጎማው ጽሑፍ ሁልጊዜ ቫልቮላው ጋ እንዲሆን አድርጉ። ሲተነፍስ ከመነዳሪው ላይ ቀዳዳውን ካገኛችሁ፣ ጎማው ላይ እሾሁን የት እንደምትፈልጉ ወዲያው ታውቃላችሁ። ስትለጥፉም ቦታውን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጋችሁ ማስቲሹን ሳሳ አድርጋችሁ ቀቡና እስኪደርቅ ጠብቁ። እርጥቡ ላይ የሚለጠፍ ልጣፊ ነው ቶሎ የሚነቀለው።

ቀዳዳውን ለማግኘት ብላችሁ ግን ከመነዳሪውን በመስኖ ቦይ ውስጥ አትንከሩ፣ እጅና ፊታችሁንም አትታጠቡበት። የወንጂ ቦዮች ቢልሃርዚያ የሚታወቅባቸው ናቸው። ከያዛችሁት የመጠጥ ውሃ ጥቂት ጠብ ማድረግ ይበቃል።

ሰንሰለቱ ይጮኻል፣ ዳገት ላይም ይዘላል

ሲጥ ሲጥ ካለ ደርቋል። እንደ ወፍጮ ሰጥ ሰጥ ካለ አቧራ ጠጥቷል። የእኛ አቧራ ደቃቅና ሸካራ ነው፤ ብዙ ሰው የሚቀባው የተቃጠለ የሞተር ዘይት ደግሞ አቧራውን ይዞ ያስቀራል። ሰንሰለቱን በጋዝ አጥባችሁ አድርቁ፣ በየመገጣጠሚያው አንድ ጠብታ ቀጭን ዘይት አድርጉ፣ ከዚያ ከላይ ያለውን በጨርቅ ጥረጉ። ዘይቱ የሚያስፈልገው ውስጥ ነው።

ወደ ዴራና ኢተያ በሚወስደው ዳገት ቁልቁለት ላይ እየዘለለ የሚያስቸግር ከሆነ ሰንሰለቱን ለኩት። ከአንድ ፒን መሀል ተነሥታችሁ፣ እሱን ሳትቆጥሩ እስከ 24ኛው ፒን መሀል 30.5 ሳንቲ ሜትር መሆን አለበት። ከዚህ በአንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ከረዘመ ቀይሩት። በሦስት ከረዘመ ጥርሶቹንም በልቷቸዋል፤ ያኔ ሰንሰለት ብቻ መቀየር አይጠቅምም። ልኩ ደህና ከሆነ የማርሹን ሽቦ ማስተካከያ ግማሽ ዙር አዙራችሁ ሞክሩት።

ጉልበት ያመኛል

ሕመሙ ከጉልበት ፊት ከሆነ ኮርቻው ዝቅ ብሏል፤ ከኋላ ከሆነ ከፍ ብሏል። ተረከዛችሁን ፔዳል ላይ አድርጉ፤ ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግር ቀጥ ማለት አለበት። ከዚያ በእግር ጣት በኩል ስትረግጡ ጉልበት ትንሽ ይታጠፋል። ልኩ ይኸው ነው።

ድንገት አቅም አጣሁ፣ ራሴን አዞረኝ

ሁለት ሰዓት ገደማ ሳይበሉ የነዳ ሰው ይህ ይደርስበታል። ከዚህ በፊት ጋሪና ባጃጅ ወደ ቤት የመለሷቸው ሰዎች አይቻለሁ። ጠዋት ቁርስ ሳትበሉ አትውጡ። እኔ በሶን በውሃ በጥብጬ ጥቂት ጨው ጨምሬበት አንድ ጠርሙስ እይዛለሁ፣ ሌላውን ንጹህ ውሃ። ሳይርባችሁ ቅመሱ፣ ሳይጠማችሁ ጠጡ። በሙቀት በሰዓት ከግማሽ እስከ ሦስት ሩብ ሊትር ያስፈልጋል። በዚያ ሐሩር ከመካከላችሁ አንዱን ብርድ ብርድ ካለው ወይም ንግግሩ ከተምታታ ወዲያው ጥላ ሥር ይቀመጥ፣ ውሃ አፍሱበት፣ ሐኪም ቤት ውሰዱት።

መንገዱ ፀጥ አላለልኝም

የወይን እርሻ ማየት ፈልጋችሁ ወደ ባቱ ከተነሣችሁ ይህ ያጋጥማል። በዝዋይ ሐይቅ አካባቢ ያለው የካስቴል ወይን እርሻ ውብ ነው፤ ግን ከሞጆ በመቂ ወደ ባቱ የሚወስደው ዋናው መንገድ የጭነት መኪና መንገድ ነው። ብስክሌቱን አውቶቡስ ፖርቶመጋላ ላይ አስጭናችሁ ባቱ ድረስ ሂዱና ከዚያ ንዱ። እርሻው የግል ስለሆነ በር ላይ ያለውን ጥበቃ በሰላምታ ጠይቁ።

ወንጂ ላይ ደግሞ ችግሩ በአገዳ ቆረጣ ወቅት ይመጣል። ተጎታች የሚስቡት መኪኖች አገዳ እያንጠባጠቡ ያልፋሉ፤ ጎማ ሥር የገባ አገዳ እንደ ሎሚ ልጣጭ ያንሸራትታል። ወደ ዳር ተጠግታችሁ አትንዱ፤ ጠርዙ ተቦርቡሮ ስለሚሆን አንድ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገባ በሉ። ከኋላ የተጎታች ድምፅ ስትሰሙ ግን አስቀድማችሁ ውረዱ፣ ያልፍ፣ አቧራው ይቀመጥ፣ ከዚያ ተነሡ።