አንድ በግ ስንት ኩንታል ማሽላ ይገዛል? የወሎ ቆላ ገበያን ቀድሞ ማንበቢያ

የምኖረው ደቡብ ወሎ፣ ቃሉ ወረዳ ውስጥ፣ ሐርቡ አካባቢ ነው። ማሽላ፣ ጤፍና ማሾ የሚባለውን ትንሽ አረንጓዴ ጥራጥሬ እዘራለሁ፤ ጥቂት በጎችም አሉኝ። ሰው ሲያገኘኝ «ዘንድሮ እህል ይወደዳል ወይስ ይረክሳል?» ይለኛል። እኔ ግን የእህሉን ዋጋ ለብቻው መጠየቅ ከተውኩ ቆየሁ። አንድ በግ ስንት ኩንታል ማሽላ ይገዛል? የምጠይቀው ይህን ነው።

የተማርኩት በ2007 ክረምት ነው። ኤልኒኖ ዝናቡን አስቀረብን። ስድስት በግ ነበረኝ። ሐምሌ ላይ አንዱን በግ የሸጠ ሰው አንድ ኩንታል ማሽላ ገዝቶ ለዘይትና ለጨው ይተርፈው ነበር። እናቴ «ልጄ፣ ሁለቱን ሽጥና እህል አስገባ» አለችኝ። ትንሽ ይወፍሩ፣ ለዘመን መለወጫ ይወደዳሉ ብዬ እምቢ አልኳት። በዓሉም አለፈ፣ ዋጋውም አልመጣም። ኅዳር ላይ ሁሉም በጉን እየጎተተ ገበያ ወጣ። ያን ጊዜ ሁለት በግ ሸጬ አንድ ኩንታል አልሞላልኝም። እህሉ ሲወጣ በጉ ወረደብኝ።

ይህ የእኔ ብቻ አይደለም። የኢኮኖሚ ምሁሩ አማርትያ ሴን የ1965 እና የ66ቱን የወሎ ረሃብ ሲያጠና ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ ያን ያህል እንዳልናረ አይቷል። ሰው የሚገዛበት አጥቶ ነው የተራበው። የአርብቶ አደሩም ከብት በእህል ሲመነዘር ረክሶ ነበር።

ስለዚህ አንድ የተማሪ ደብተር ግዙ። በየገበያው ቀን ሁለት ቁጥር ጻፉ፤ የአንድ በግ ዋጋና የአንድ ኩንታል ማሽላ ዋጋ። በጉ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ይሁን። እኔ ሁለት የፊት ጥርሱን የቀየረ መካከለኛ ወንድ በግ ነው የምመዘግበው። ደላላው የሚጠራውን ዋጋ አትጻፉ። ብር ተቆጥሮ ሲሰጥ ያያችሁትን ጻፉ። ከዚያ የበጉን ለኩንታሉ አካፍሉ። ለስሌት ያህል በጉ 9 ሺህ፣ ኩንታሉ 6 ሺህ ከሆነ አንድ ተኩል ይመጣል። ቁጥሩ ሦስት ገበያ በተከታታይ ከወረደ እኔ አንድ በግ እሸጣለሁ፣ በብሩም ያኔውኑ እህል አስገባለሁ። ብሩን ኪስ ውስጥ ማሳደር የለም።

ደብተሩ የሚነግራችሁ ግን የሆነውን ነው። የሚመጣውን ለማወቅ ማሳውን እዩ። እኛ ጋ ረጅሙ ማሽላ የሚዘራው ሚያዝያ ላይ ነው። በልጉ ከቀረና ገበሬው ሐምሌ ላይ መሬቱን ገልብጦ ጤፍና ማሾ መዝራት ከጀመረ፣ ማሽላው ብቻ አይደለም የሚጎድለው። አገዳውም የለም። በበጋ ከብቱ የሚበላው አገዳ ነው። መኖ የሌለው ሰው ከብቱን ይሸጣል፤ ስለዚህ ከጥር ጀምሮ የከብት ዋጋ ይወርዳል። እኔ በእንዲህ ያለ ዓመት መቀነስ ያለበትን እንስሳ ከመስከረም በፊት እቀንሳለሁ።

ሁለተኛው ምልክት አፋሮች ከብታቸውን የሚሸጡበት የባቲ ገበያ ነው። ሰኞ ገበያ ስትወጡ ብዛቱን አትዩ፤ ጾታውን እዩ። ደህና ዓመት ከሆነ አፋሮቹ የሚያመጡት በብዛት ወጠጤና ኮርማ ነው። አንድ ሰኞ ላይ አንድ ሽማግሌ እርጉዝ ፍየል በገመድ ይዘው ቆመው አየሁ። ሆዷን በእጃቸው ይደባብሱ ነበር። ገዢ ሲመጣ ዋጋ ከመጥራታቸው በፊት ፊታቸውን ያዞራሉ። የዘር እንስሳ ለገበያ የሚወጣው ሲጨንቅ ብቻ ነው። ያን ቀን ሳልገዛም ሳልሸጥም ቤቴ ገብቼ ስለራሴ በጎች አሰብኩ።

እህሉን በተመለከተ፣ ዋጋው ከውቂያ በኋላ ታኅሣሥና ጥር ላይ ይረክሳል፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይወደዳል። ይህን ሁሉም ያውቃል። ጥያቄው የቱን ላቆይ ነው። ጤፍን ነቀዝ አይነካውም፤ አቆዩት። ማሽላ ይነቀዛል። ሁለት ላስቲክ ውስጡ ያለው፣ አየር የማያስገባ ከረጢት ከሌላችሁ ብዙ አታስቀምጡ። ማሾን እኔ ጨርሶ አላቆይም፤ ነቀዝ ቶሎ ይበላዋል። ደግሞም አብዛኛው ወደ ውጭ ስለሚላክ ዋጋው ከሐርቡ ዝናብ ይልቅ ከዶላሩ ጋር ነው የሚሄደው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነ ወዲህ፣ ማሾ ከመሸጤ በፊት የባንኩን ምንዛሬ በስልኬ አያለሁ።

የቀረው በዓል ነው። ወሎ ውስጥ ሁለት የቀን መቁጠሪያ ጎን ለጎን መያዝ ያስፈልጋል። የ2019ን ተመልከቱ። ሁዳዴ የካቲት 29 ይገባል፤ ረመዳንም የሚያልቀው በዚያው ሰሞን ነው። ከዚያ በኋላ ግማሹ ገበያ ይጾማል፣ በግ ይቀዘቅዛል። ፋሲካ ሚያዝያ 24 ነው። አረፋ ደግሞ ጨረቃ በአንድ ቀን ካላዛነፈችው ግንቦት 8 ገደማ ይውላል። ሁለቱ በዓላት የሚራራቁት ሁለት ሳምንት ብቻ ነው። እኔ መጋቢት መጀመሪያ ላይ አራት በግ ገዝቼ በፉርሽካና በፋጉሎ ላደልብ አስቤያለሁ። ለአረፋ የምይዛቸውን ሁለቱን ስገዛ ዓይናቸውን፣ ጆሯቸውንና እግራቸውን አንድ በአንድ እፈትሻለሁ። አንካሳ ወይም ዓይኑ የጠፋ በግ ለኡዱሒያ፣ ማለትም ለአረፋው መሥዋዕት፣ አይሆንም፤ የቱንም ያህል ቢሰባ ገዢ አያገኝም።