ጃምቦው በአረፋ ተሞልቶ ቢራው ለምን ይሞታል? የድራፍት ጋዝ ችግርና መፍትሄ

አረፋ የበዛበት ቢራ ጋዝ የበዛበት ቢራ አይደለም። ምላስን ቆንጠጥ የሚያደርገው ቢራው ውስጥ የሟሟው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ አረፋው ከዚያ ያመለጠ ጋዝ ነው። ቀጂው ግማሽ ጃምቦ አረፋ ደፍቶ የቀረውን ሲያቀርብ፣ ደንበኛው የሚጠጣው ጋዙ የወጣ ቢራ ነው።

ምልክት፦ ከቧንቧው አረፋ ብቻ ይወጣል

መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሙቀት ነው። ማቀዝቀዣው ላይ የተጻፈውን አይመኑ። ሁለተኛውን ብርጭቆ ቀድተው ቴርሞሜትር ይክተቱበት። 3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጥሩ ነው፤ ከ5 ካለፈ ችግሩ ተገኘ። ከመኪና የወረደ በርሜል ከመከፈቱ በፊት ማቀዝቀዣ ውስጥ ሙሉ ቀንና ሌሊት ይቆይ።

ሙቀቱ ደህና ከሆነ ግፊቱን ይመልከቱ። ብዙ ቤት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ አረፋ ሲበዛ የጋዙን ግፊት የሚቆጣጠረውን ሬጉሌተር ይቀንሳሉ። ግፊቱ ሲያንስ ጋዙ ገና ቱቦው ውስጥ እያለ ከቢራው ይለያል፣ አረፋው ይብሳል፣ በቀናት ውስጥ በርሜሉ ራሱ ይሞታል። በ3 ዲግሪ የተለመደ ላገር (አብዛኛው ድራፍት የሆነው የቢራ ዓይነት) ጋዙን እንዲይዝ በባሕር ጠለል 0.75 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) አካባቢ ይበቃዋል። አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት በሩብ ባር ያህል ያንሳል። ስለዚህ የውጭ መመሪያ ላይ ባለው ቁጥር ላይ 0.25 ጨምረው ወደ 1 ባር ያድርሱት። በርሜሉ ውጭ በ20 ዲግሪ ቆሞ ቢራው በቱቦው ወደ ቧንቧው ሲያልፍ ብቻ የሚቀዘቅዝ ከሆነ ደግሞ 2.2 ባር ገደማ ያስፈልጋል። ግፊቱ ተስተካክሎ ቢራው በኃይል ከፈነጠቀ፣ የሚቀየረው ቱቦው ነው፤ በርሜሉ ማቀዝቀዣ ውስጥ ላለ ቤት ውስጡ 5 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ከ2 እስከ 3 ሜትር የሚረዝም ቱቦ ፍጥነቱን ይይዘዋል።

የቆሸሸ ቱቦም አረፋ ያበዛል። በየ14 ቀኑ 2 በመቶ ኮስቲክ ሶዳ የሟሟበት ለብ ያለ ውሃ ለ15 ደቂቃ ያዙሩበት፣ ከዚያ ሶዳው ጨርሶ እስኪወጣ በንጹህ ውሃ ያጥቡ። ጓንትና መነጽር ሳያደርጉ አይንኩት።

ምልክት፦ ጸጥ ብሎ ይቀዳል፣ ግን አይቆነጥጥም

የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሊንደሩ ጋዝ እያለቀ ወይም እያፈሰሰ ሊሆን ይችላል፤ የሲሊንደሩ ትልቁ መለኪያ ግን ያታልላል። ውስጡ ፈሳሽ ጠብታ እስካለ ድረስ በ20 ዲግሪ 57 ባር ላይ ይቆማል፤ መውረድ ሲጀምር ጋዙ ሊያልቅ ነው። ትክክለኛው መንገድ መመዘን ነው፤ ባዶ ክብደቱ አንገቱ ላይ ተቀርጿል። መገጣጠሚያዎቹን በሳሙና አረፋ ይፈትሹ። በርሜሉን በአየር ኮምፕሬሰር መግፋት ፈጽሞ አይገባም፤ ጋዙ ቀስ በቀስ ይወጣል፣ ኦክስጅኑም ቢራውን ያበላሻል።

ምልክት፦ አረፋው ወዲያው ይጠፋል

ጥፋቱ የብርጭቆው ነው። ቅባት፣ ሊፕስቲክ፣ ያልወጣ ሳሙና። ብርጭቆውን አርጥበው ጨው ይነስንሱበት፤ ጨው ያልያዘ ቦታ ቅባት አለበት። በፎጣ አይወልውሉ፣ ደፍተው በአየር ያድርቁት።

ሁሉም ትክክል ሆኖ ጋዙ አሁንም ካነሰዎት

ያኔ የሚቀየረው የቢራው ዓይነት ነው። የተለመደ ላገር በሊትር 5 ግራም ያህል ጋዝ ይይዛል። የጀርመን የስንዴ ቢራ ከ6.5 እስከ 9 ግራም ሊደርስ ይችላል፤ እንደ ዱቬል ያሉ ጠርሙስ ውስጥ ዳግም የሚብላሉ የቤልጅየም ቢራዎችም እንዲሁ ጠንካራ ናቸው። አውሮፓና አሜሪካ ላለ አንባቢ እነዚህን ማግኘት ቀላል ነው። የአየርላንዱ ጥቁር ቢራ ጊነስ ድራፍት ላይ ግን አይሞክሩ፤ ያ ወፍራም ክሬም የናይትሮጅን ሥራ ነው፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከላገሩ ግማሽ ያህል ብቻ ነው።