ሴት ውሻችሁ ውሃ ካበዛች ማህፀኗን ጠርጥሩ

የበሽታው አመጣጥ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው። ውሻዋ ደም አይታ፣ ወንድ ፈልጋ ከጨረሰች አንድ ወይም ሁለት ወር ሆኗታል። ምግብ ትታለች። ውሃ ግን አትጠግብም፤ ሳህኑን ጨርሳ ወደ ባልዲው ትሄዳለች። ሽንቷም በዚያው ልክ ነው። ተኝታ ትውላለች፣ አንዳንዴም ታስመልሳለች። ይህን በስልክ ስሰማ ጥያቄ አላበዛም። «ዛሬውኑ ይዛችኋት ኑ» እላለሁ። ማህፀኗ መግል ሳይዝ አይቀርም።

ወንድ አገኘችም አላገኘችም፣ ከዚያ ወቅት በኋላ ሰውነቷ ለሁለት ወር ያህል ፕሮጄስትሮን የሚባለውን የእርግዝና ሆርሞን ያመነጫል። የማህፀኗ ግድግዳ ይወፍራል፣ ፈሳሽ ይቋጥራል። የማህፀኗ በር ክፍት ሳለ የገባ ባክቴሪያ፣ ብዙውን ጊዜ የአንጀቱ ኢ ኮላይ፣ እዚያ ይራባል። በየዙሩ ግድግዳው ስለሚጎዳ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ወልደው የማያውቁ ውሾች ላይ ይበዛል። ድመትንም ይይዛል፣ ግን ያነሰ ነው።

በሩ ክፍት ከሆነ የሚሸት ፈሳሽ ስለሚወርድ ቶሎ ይታወቃል። ከተዘጋ ግን ምንም አይወጣም። ሆዷ ይነፋል፣ ቤተሰቡም «አረገዘች» ብሎ ደስ ይለዋል። እኔን የሚያስፈራኝ ይሄኛው ነው።

ከስድስት ኪሎ አንዲት እናት የዘጠኝ ዓመት ውሻቸውን በታክሲ ይዘው መጡ። «ዶክተርዬ፣ ስኳር ይዟት ይሆን?» አሉኝ። «እማዬ፣ ደም ካየች ስንት ጊዜዋ ነው?» አልኳቸው። ወር ከሳምንት። ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን ገዝተው ሰጥተዋት ሦስት ቀን ተሻላት፣ ከዚያ ወደቀች። ስናወጣው ማህፀኗ ሁለት ኪሎ ተኩል መዘነ። ዳነች። ከአራት ኪሎ የመጣችው ግን አልተረፈችም። ወንድ ውሾች በር ላይ እንዳይሰበሰቡ ብለው የሰው የሦስት ወር የወሊድ መከላከያ አስወግተዋታል። ያ መርፌ ራሱ የዚያው ሆርሞን ዘመድ ነው፤ በሽታውን ይጋብዛል። ማህፀኗ ሆዷ ውስጥ ፈንድቶ ነበር። እባካችሁ ይህን መርፌ ለውሻም ለድመትም አታስወጉ።

መፍትሄው ቀዶ ጥገና ነው። መጀመሪያ ፈሳሽና አንቲባዮቲክ በደም ሥር ይሰጣታል፤ ትንሽ ስትጠነክር ማህፀኑና እንቁልጢዎቹ አብረው ይወጣሉ። ክኒን ብቻውን ያን ሁሉ መግል አያወጣም፤ ቀን ይበላል እንጂ። ሆዷን አትጫኑ፣ አትሹ። ለትኩሳቱ ብላችሁ ፓራሲታሞል አትስጡ። ለድመት አንድ ፍሬ እንኳ ሊገድላት ይችላል። በጤናዋ ሳለች ብታስመክኗት ደግሞ እዚህ ሁሉ አትደርሱም፤ ቀዶ ጥገናውም ከታመመች በኋላ ካለው በጣም ይቀላል።

ደሙ ሳምንታት አልፎም የሚንጠባጠብ ከሆነ ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል። ማታ በር ተከፍቶላቸው በሚወጡ የግቢ ውሾች ላይ ደጋግሜ የማየው በስሪያ የሚተላለፍ ዕጢ አለ። ብልቷን ገለጥ ስታደርጉ አበባ ጎመን የመሰለ፣ ሲነኩት የሚደማ ሥጋ ታያላችሁ። ቆርጦ መጣል ብዙ ጊዜ አይበቃም፣ ተመልሶ ይበቅላል። ቪንክሪስቲን የሚባለው የካንሰር መድኃኒት በሳምንት አንዴ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት መርፌ፣ ያጠፋዋል። መድኃኒቱ ከባድ ነው፤ ሐኪም ይውጋው፣ በሕክምናው ሰሞን ሽንቷን የሚያጸዳም ጓንት ያድርግ።

ውሻዋ ምጥ ላይ ግማሽ ሰዓት አጥብቃ አምጣ ቡችላ ካልመጣ፣ ወይም ከመጀመሪያው ቡችላ በፊት አረንጓዴ ፈሳሽ ከወረደ፣ አትጠብቁ። የምጥ መርፌ ደግሞ በማንም እጅ አይወጋ፤ ቡችላው ተሰንቅሮ ከሆነ ማህፀን ሊቀደድ ይችላል።

አራስ ውሻ ከተንቀጠቀጠችና ከተንገዳገደች ካልሲየም አልቆባት ይሆናል፤ ወዲያውኑ ሐኪም ጋ ድረሱ።

ወጣት ድመት እየጮኸች መሬት ላይ ስትንከባለል ግን አብዛኛውን ጊዜ ሕመም አይደለም፤ ወንድ ፈልጋ ነው።