መድኃኒት ያላየው ሽልም ሲበላሽ

መድኃኒት የአካል ጉድለት ያመጣ እንደሆነ በጫጩት ሽል ላይ ስንፈትሽ የሚያጋጥም ችግር አለ። ምልክቱ ይሄ ነው። መድኃኒቱን የተወጉት የጫጩት ሽሎች ተጣመሙ። ጨው ውሃ ብቻ የተወጉትም ተጣመሙ። እንግዲህ «ይህ መድኃኒት የአካል ጉድለት ያመጣል» ብሎ መጻፍ ቀረ።

ሁሉም መጀመሪያ ኢንኩቤተሩን፣ የእንቁላል ማሞቂያውን፣ ይረግማል። 37.5 ዲግሪ ላይ ከረጋ ተዉት። ደብረ ብርሃን ላይ ደጋግሜ ያገኘሁት ጥፋተኛ መድኃኒቱን ለመስጠት ቅርፊቱ ላይ የምንከፍተው፣ በኋላም በፕላስተር የምንዘጋው መስኮት ነው።

ከተማችን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ እንቁላል ውሃውን ቶሎ ያጣል። በበጋማ አይጣል ነው። መስኮቱ በትንሹ ከተነፈሰ ሽሉ ይደርቃል፣ ከሽፋኑ ጋር ይጣበቃል፣ ይጣመማል።

አንድ ኅዳር ርካሽ ፕላስተር ተገዛልን። ማታ ለጠፍን፣ ጠዋት ጫፍ ጫፉ ተነስቶ አገኘነው። ተማሪዬ ግን የተጣመመ እግር አይቶ ሊጨፍር ደርሷል። «እስቲ ኮንትሮሉንም ክፈተው» አልኩት፤ መድኃኒት ያልተሰጠውን ማነጻጸሪያ ማለቴ ነው። ከፈተው። ከዚያ ዝም። ሠላሳ እንቁላል ለሁለት ብር ቁጠባ!

መፍትሄው፦ በሦስተኛው ቀን እንቁላሉን በጎኑ አስተኙና ሽሉ ወደ ላይ እስኪመጣ ጠብቁ። በሹል ጫፉ በኩል ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሊትር ነጩን በመርፌ ሳቡ። መርፌው ወደ ታች ያዘንብል፤ አስኳሉን ከነካችሁ አለቀ። ሽሉ ከቅርፊቱ ዝቅ ይላል። ያኔ ከላይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል መስኮት ክፈቱ። መድኃኒቱን ከሰጣችሁ በኋላ ቅርፊቱን አድርቁ። በደንብ አድርቁ! እርጥብ ቅርፊት ላይ ምንም ፕላስተር አይዝም። ፕላስተሩን ለጥፉና ዙሪያውን በጥፍር ተጫኑት። ከዚያ ወዲያ እንቁላሉን አታገላብጡ።

አንድ አንድ እያወጣችሁ ሥሩ። ክፍሉ ብርድ ነው፤ ደርዘን እንቁላል ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ ስልክ የሚያወራ ሰው አይቻለሁ።

ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለመለየት ሦስት ኮንትሮል ያዙ፦ ያልተነካ፣ መስኮት ብቻ የተከፈተለት፣ መስኮት ተከፍቶ ማሟሟያው (መድኃኒቱ የሚሟሟበት ፈሳሽ) ብቻ የተሰጠው። ያልተነካው ደህና ሆኖ ሁለተኛው ከተበላሸ ጥፋቱ የእጃችሁ ነው። ሦስተኛው ብቻ ከሆነ ማሟሟያውን ጠርጥሩ፤ አልኮል ራሱ ሽል ያበላሻል። በመጀመሪያው ቀን የተከፈተ መስኮት ደግሞ ብቻውን ጀርባው እንዳይዘጋ ሊያደርግ ይችላል።

ሌሎቹ ችግሮች፦

ሽል ጭራሽ የለም? ለምግብ የሚሸጥ የእርባታ እንቁላል ነው፤ አውራ ዶሮ አላየውም።

ከመንዝ በአይሱዙ ሲንገጫገጭ የመጣ ከሆነ ሰፊውን ጫፍ ወደ ላይ አድርጋችሁ አንድ ቀን አሳርፉት።

መድኃኒቱ ምንም አላደረገም? ጫጩት የእናት ጉበት የለውም። እዚያ ተለውጦ የሚጎዳ መድኃኒት እዚህ ንጹሕ ሊመስል ይችላል።

የሚሸት እንቁላል ካለ ወደ ውጭ አውጡት፤ ኢንኩቤተሩ ውስጥ እንዳይፈነዳባችሁ።