አዲሱ ቴሌስኮፕ «አልሠራም» ሲል፦ ጀማሪዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶችና የአይፒስ አመራረጥ

ተበላሽቷል ተብሎ ቁም ሳጥን ላይ የተሰቀለ የጀማሪ ቴሌስኮፕ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አልሆነም። ወይ ከአቅሙ በላይ እንዲያጎላ ተጠይቋል፣ ወይ አንድ ክፍሉ በቦታው አልገባም፣ ወይም የሚያሳየው ትክክል ሆኖ ሳለ ባለቤቱ የጠበቀው ሌላ ነው። እዚህ ለስሌት የምንይዘው በብዛት የሚሸጠውን ባለ ሌንስ ዓይነት ነው፤ የፊት ሌንሱ ስፋት 70 ሚ.ሜ፣ የትኩረት ርቀቱ (ከሌንሱ ምስሉ እስከሚጠራበት ነጥብ ያለው ርቀት) 700 ሚ.ሜ። የእርስዎ ሌላ ከሆነ ሁለቱ ቁጥሮች ቱቦው ላይ ወይም የፎከስ ማዞሪያው አጠገብ ተጽፈዋል፤ እነሱን ተክተው ያስሉ።

ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን «525 እጥፍ» ማመን

አይፒስ የሚባለው ዓይን የሚጠጋበት ተነቃይ ሌንስ ነው። የቴሌስኮፑ የትኩረት ርቀት ለአይፒሱ የትኩረት ርቀት ሲካፈል ስንት እጥፍ እንደሚያጎላ ይታወቃል። 700 ለ25 ሲካፈል 28 እጥፍ፣ ለ10 ሲካፈል 70 እጥፍ፣ ለ4 ሲካፈል 175 እጥፍ ነው። 4 ሚ.ሜ አይፒስ ላይ ሦስት እጥፍ የሚያጎላ ባርሎው (በቱቦውና በአይፒሱ መካከል የሚገባ ማጉያ ሌንስ) ሲጨመርበት 525 ይደርሳል። ሒሳቡ ውሸት የለበትም፤ የሚታይ ነገር ግን የለም።

ገደቡን የሚወስነው የፊት ሌንሱ ወይም መስታወቱ ስፋት ነው። በሚሊ ሜትር የተለካው ስፋት በ2 ሲባዛ የሚገኘው ቁጥር ጣሪያው ነው፤ ለ70 ሚ.ሜ 140 እጥፍ ማለት ነው። ከዚያ በላይ ሲኬድ ሌንሱ የሰበሰበው ብርሃን ሰፋ ባለ ምስል ላይ ስለሚበተን ይደበዝዛል፣ አዲስ ዝርዝርም አይጨመርም። የትሪፖዱ ንቅናቄና የአየሩ መናወጥም አብረው ይጎላሉ። ቱቦው ትልቅ ቢሆን እንኳ በብዙ ምሽቶች አየሩ ከ200 እጥፍ በላይ አያስኬድም።

ስለዚህ ሁልጊዜ ቁጥሩ ትልቅ በሆነው አይፒስ ይጀምሩ፤ 25 ወይም 20 ሚ.ሜ። ዒላማው መሃል ከገባና ፎከሱ ከጠራ በኋላ ብቻ ወደ 10 ይለፉ። ጋሊሊዮ በጥር 1610 እ.ኤ.አ. የጁፒተርን አራት ጨረቃዎች ያየው 20 እጥፍ ገደማ በሚያጎላ መሣሪያ ነበር፤ ሌንሱም ከዛሬው ርካሽ ሌንስ ያነሰ ነው።

ፋይንደሩን ሳያስተካክሉ በጨለማ መፈለግ

በ70 እጥፍ የሚታየው የሰማይ ክፍል ከአንድ ዲግሪ ያነሰ ነው። በግምት እያዞሩ ኮከብ ማግኘት ዕድል እንጂ ዘዴ አይደለም። በቱቦው ጎን ያለችው ትንሿ መፈለጊያ (ፋይንደር) ከቱቦው ጋር አንድ ቦታ ማየት አለባት፤ ይህም የሚስተካከለው በቀን ነው። ቢያንስ ግማሽ ኪሎ ሜትር የሚርቅ የማይንቀሳቀስ ነገር ይምረጡ፦ የቴሌኮም ማማ ጫፍ፣ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት መስቀል፣ ሰገነት ላይ ያለ የውኃ ታንከር። በ25 ሚ.ሜ አይፒስ መሃል አስገብተው ማውንቱን (ቱቦውን ይዞ የሚያዞረውን ክፍል) ያጥብቁ። ከዚያ ቱቦውን ሳይነኩ የፋይንደሩን ብሎኖች ብቻ እያዞሩ መስቀለኛው መስመር ወይም ቀይ ነጥቡ እዚያው ዒላማ ላይ እንዲያርፍ ያድርጉ። በ10 ሚ.ሜ ይድገሙት። ማታ ላይ በደማቅ ኮከብ አንዴ ማረጋገጥ ይበቃል።

ቀይ ነጥቡ አልበራ ካለ የባትሪው ክፍል ይከፈት፤ አዲስ ዕቃ ከሆነ ባትሪው ላይ የምትሳብ ስስ ላስቲክ ትኖራለች።

ክዳኑን በከፊል መክፈት፣ ዳያጎናሉን መርሳት

ብዙ ቱቦዎች ትልቁ ክዳን ላይ ሌላ ትንሽ ክዳን አላቸው። ትንሹ ብቻ ሲነሳ ጨረቃ ስለምትታይ ሰው ልብ አይልም፤ ከዋክብቱ ግን ይጠፋሉ። ሙሉው ክዳን ይነሳ።

ባለ ሌንስ ቴሌስኮፕ ላይ ፎከስ እንቢ የሚልበት የተለመደ ምክንያት የዳያጎናል አለመኖር ነው። ዳያጎናል በቱቦውና በአይፒሱ መካከል የሚገባው፣ ብርሃኑን በ90 ዲግሪ የሚያጥፈው ክፍል ነው። አይፒሱ በቀጥታ ቱቦው ላይ ከተሰካ የፎከስ ማዞሪያው እስከ መጨረሻ ወጥቶም ላይደርስ ይችላል። ባለ መስታወቱ (ኒውቶኒያን) ግን ዳያጎናል አያስፈልገውም፤ ቢገባበት ጭራሽ ፎከስ አይመጣም። 1.5 እጥፍ የሚል ጽሑፍ ያለባት ረጅም ቱቦ ካርቶኑ ውስጥ ካለች፣ እሷ በቀን መልክዓ ምድርን ቀጥ አድርጎ ለማሳየት የተሠራች ናትና ለሰማይ አትጠቀሙባት።

ፎከስ ሲፈልጉ ማዞሪያውን እስከ ውስጥ ያስገቡና ጨረቃ ላይ ሆነው በዝግታ ያውጡት። ኮከብ በትክክል ፎከስ ሲሆን በጣም ትንሽ ነጥብ ይሆናል፤ ሲተልቅ እየራቁ ነው። ኒውቶኒያን ላይ መሃሉ ጥቁር የሆነ የብርሃን ቀለበት ከታየ ፕላኔት አይደለም፣ ከፎከስ የወጣ ኮከብ ነው። ጥቁሩ የሁለተኛው ትንሽ መስታወት ጥላ ነው።

ያ ቀለበት ለሌላ ሥራ ይጠቅማል። ኮከቡን መሃል አስገብተው በጥቂቱ ከፎከስ ሲያወጡት ጥቁሩ ከብርሃኑ መሃል ከወጣ መስታወቶቹ አልተናበቡም። ከኋላ ያሉትን ሦስት ማስተካከያ ብሎኖች በሩብ ዙር እያዞሩ፣ በየጊዜው ኮከቡን ወደ መሃል እየመለሱ ያስተካክላሉ። ቱቦው 50 ሴ.ሜ አካባቢ ሆኖ የትኩረት ርቀቱ 1000 ሚ.ሜ ከተባለ ፎከስ ማድረጊያው ውስጥ ተጨማሪ ሌንስ ተቀብሯል፤ በሌዘር ማስተካከል እዚያ ላይ ያሳስታልና በኮከብ ብቻ ይሥሩ። ባለ ሌንሱን ግን የፊት ሌንሱን ቀለበት አትፍቱ።

ፀሐይ

አንዳንድ ካርቶን ውስጥ አይፒስ ላይ የሚጠመዘዝ ትንሽ ጥቁር የፀሐይ ማጣሪያ ይመጣል። ይሰበርና ይጣል። የሚቀመጠው ሌንሱ ሙቀቱን ሁሉ ሰብስቦ የሚያሳርፍበት ቦታ ስለሆነ በድንገት ይሰነጠቃል፣ ዓይንም አይተርፍም። ሰኔ 2012 ዓ.ም. ላሊበላ ላይ እንደታየው የቀለበት ግርዶሽ ያለውን ለማየት ለቱቦው ፊት የተሠራ ሌላ የፀሐይ ማጣሪያ ከቱቦው ፊት ለፊት፣ ሙሉ ስፋቱን ሸፍኖ፣ ነፋስ እንዳይነቅለው በፕላስተር ታስሮ መሆን አለበት። ፋይንደሩም ይከደን።

ለሰሜኑ አገር የተሠራ ማውንት በኢትዮጵያ ማቆም

ኢኳቶሪያል ማውንት (ክብደት የተንጠለጠለበት፣ ዘንበል ብሎ የሚቆመው) የሚሠራው ዋናው ዘንጉ ወደ ሰሜን ኮከብ ሲያመለክት ነው። የሰሜን ኮከብ ከአድማስ በላይ ያላት ከፍታ የቦታው ኬክሮስ ያህል ነው፦ ዋሽንግተን ላይ 39 ዲግሪ፣ አዲስ አበባ ላይ 9፣ ባሕር ዳር 11 ተኩል ገደማ፣ መቀሌ 13 ተኩል። አሜሪካ ያለ ዘመድ ሲጠቀምበት ኖሮ በሻንጣ ያመጣው ማውንት እዚያ በተስተካከለበት ከቆመ፣ የተገኘው ኮከብ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ እየሸሸ ይወጣል፤ ሰው ግን የማውንቱ ማርሽ ጥርስ የተበላ ይመስለዋል።

ወደ 9 ዲግሪ ለማውረድ የከፍታ ብሎኖቹ ይላላሉ። ብዙ ትናንሽ ማውንቶች እዚህ ይቸገራሉ፤ ዘንጉ ሊጋደም ስለሚቃረብ ተንጠልጣዩ ክብደት ወደ ሰሜን የዞረውን የትሪፖድ እግር ይመታል። ትሪፖዱን አዙሮ ሁለት እግር ወደ ሰሜን ማድረግና ክብደቱን በመካከላቸው ባለው ክፍተት ማሳለፍ ብዙ ጊዜ ያድናል። የሰሜን ኮከብም በቀላሉ አትታይም፤ እንጦጦ ግርጌ ለሚኖር ሰው ጋራው ይጋርዳታል። ለዓይን ምልከታ ደግሞ ያን ያህል አያስጨንቅም፤ በኮምፓስ ወደ ሰሜን፣ በስልክ የዘንበልታ መለኪያ 9 ዲግሪ ይበቃል።

አዲስ የሚገዛ ሰው ከጠየቀን ግን ኢኳቶሪያሉን ትቶ ወደ ላይ ወደ ታችና ወደ ጎን ብቻ የሚዞረውን ቀላል ማውንት፣ ወይም መሬት ላይ የሚቀመጠውን ዶብሶኒያን እንዲገዛ እንመክራለን። የእነዚህም ጣጣ አናት ላይ ነው፦ ፕላኔቶች በእኛ ሰማይ አናት አጠገብ ያልፋሉ፣ ረጅሙ ባለ ሌንስ ቱቦም እዚያ ሲደርስ ከትሪፖዱ ይጋጫል። አናት ላይ ከመድረሳቸው ሁለት ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ወይም ካለፉ በኋላ ማየት ነው።

የትሪፖዱ እግሮች ሙሉ በሙሉ አይሳቡ፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ ማየት ይሻላል። በመስኮት መስታወት ውስጥ ማየትም አይሆንም፣ መስኮቱን መክፈትም አያድነውም፤ የቤቱ ሙቀት ሲወጣ ምስሉን ያናውጠዋል። ቴሌስኮፑ ወደ ውጭ ወጥቶ ግማሽ ሰዓት ይቀዝቅዝ።

አይፒስ በብዛት መግዛት

መጀመሪያ የሚሰካበትን ቱቦ በማስመሪያ ይለኩ። የተለመደው 31.7 ሚ.ሜ ነው፤ አሮጌና ርካሽ ዕቃዎች 24.5 ሚ.ሜ ይሆናሉ፣ ያለ አስማሚ አይገጥሙም።

አምስት አይፒስና ባለ ቀለም ማጣሪያዎች በአንድ ሳጥን የሚሸጠው ስብስብ ገንዘብ ማባከኛ ነው፤ ግማሹ አይነካም። ሦስት ይበቃል፣ መራራቃቸው ነው ዋናው። ለ70/700 ቱቦ፦ 32 ሚ.ሜ ፕሎስል የሚባለው የተለመደ የአይፒስ ዓይነት (22 እጥፍ፣ ከ2 ዲግሪ በላይ ስለሚያሳይ ሰባቱ ከዋክብት ሙሉ ይገባሉ)፣ 12 ሚ.ሜ ገደማ (58 እጥፍ)፣ 6 ሚ.ሜ (117 እጥፍ)። ለ130/650 ኒውቶኒያን 25፣ 9 እና 5 ሚ.ሜ ይስማማሉ፤ 26፣ 72 እና 130 እጥፍ ማለት ነው።

ባርሎው ሲታሰብ ድግግሞሽን መፈተሽ ያስፈልጋል። 20 እና 10 ያለው ሰው 2 እጥፍ ባርሎው ቢገዛ 20ው እንደ 10 ይሆናል፤ ያለውን ደግሞ ገዛ። 25 እና 10 ላይ ግን 12.5 እና 5 ስለሚሰጥ ቢያንስ አንድ አዲስ ደረጃ ያገኛል። ካርቶን ውስጥ የሚመጣው የፕላስቲክ 3 እጥፍ ባርሎው ግን ሳይነካ ይቀመጥ።

የአንድ አይፒስ ገንዘብ ብቻ ካለ 10 ሚ.ሜውን ይተኩ፤ ከቴሌስኮፑ ጋር ከሚመጡት ብዙ ጊዜ ደካማው እሱ ነው፣ 25ቱ ግን ያገለግላል። ምትኩ 66 ዲግሪ የእይታ ስፋት ያለው 9 ሚ.ሜ ይሁን። ፕሎስል 50 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ባጭር ቁጥሩ ላይ ደግሞ ዓይንን ሌንሱ ላይ ካላስጠጉ አያሳይም፣ 10 ሚ.ሜ ፕሎስል 7 ሚ.ሜ ያህል ርቀት ብቻ ይሰጣል። መነጽር የሚያደርግ ሰው ቅርብ ወይም ሩቅ ያለማየት ብቻ ከሆነ አውልቆ በፎከስ ያስተካክለው። አስቲግማቲዝም (የዓይን ፊት እኩል ክብ ባለመሆኑ ምስል የሚዛባበት ችግር) ካለበት መነጽሩን እንዳደረገ ለማየት ቢያንስ 15 ሚ.ሜ የዓይን ርቀት ያለው ይምረጥ።

ትክክለኛ ምስል ላይ ጥፋት መፈለግ

ኔቡላዎች (በሕዋ ያሉ የጋዝና የአቧራ ደመናዎች) በዓይን ሲታዩ ግራጫ ናቸው፤ ቀለሙ የካሜራ ነው። ምስሉ መገልበጡ ወይም ግራና ቀኙ መለዋወጡ ጤነኛ ነው። የሳተርን ቀለበት ቀጭን መስመር ከመሰለ ፕላኔቷን እንጂ አይፒሱን አትጠርጥሩ፤ በመጋቢት 2025 እ.ኤ.አ. ቀለበቶቹ በጠርዛቸው ወደ እኛ ዞረው ነበር፣ እስከ 2032 ድረስ በየዓመቱ እየተከፈቱ ይሄዳሉ።

በነጠላ ወይም በሸሚዝ ጫፍ መወልወል

የፊት ሌንስ ላይ ያለ ጥቂት አቧራ ምስሉን አይጎዳም፣ ውልወላው ግን ሽፋኑን ይቧጭራል። መጀመሪያ በእጅ በሚጨመቅ የጎማ መንፊያ አቧራውን ያራግፉ። አይፒስ ላይ የሽፋሽፍት ቅባት ካረፈ ንጹሕ ጥጥ በጥቂት አይሶፕሮፒል አልኮል አርጥበው ከመሃል ወደ ዳር ሳይጫኑ ይጥረጉ፤ ፈሳሹን በቀጥታ ሌንሱ ላይ አያፍስሱ፣ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። የኒውቶኒያን መስታወት በደረቁ በጭራሽ አይነካም። ከቅዝቃዜ ሲገባ እርጥበት ከያዘም ክዳኑ ክፍት ሆኖ፣ ቱቦው ወደ ታች ዘንበል ብሎ ሲደርቅ ብቻ ይከደናል።