የቅናሽ ስሌት የሚበላሽባቸው ቦታዎች፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

መርካቶ ውስጥ የቧንቧ ዕቃ የሚቸረችር አንድ ሱቅ ከጅምላ አከፋፋዩ ዕቃ አዘዘ እንበል። የዕቃው የዝርዝር ዋጋ፣ ማለትም ቅናሽ ሳይነካው ያለው ዋጋ፣ 40,000 ብር ነው። ኢንቮይሱ ግርጌ ላይ ሁለት መስመሮች ሰፍረዋል፤ አንደኛው «ቅናሽ 20/10/5» ይላል፣ ሁለተኛው «2/10፣ ኔት 30»።

የመጀመሪያው የንግድ ቅናሽ ነው፤ የንግድ ሒሳብ ክፍል ውስጥ ትሬድ ዲስካውንት የሚባለው። ገዢው ነጋዴ በመሆኑ ወይም በብዛት በመውሰዱ የሚሰጠው ስለሆነ መቼም ይክፈል መቼ አይቀርበትም። ሁለተኛው ቶሎ ለከፈለ የሚሰጥ የጥሬ ገንዘብ ቅናሽ ነው፤ ካሽ ዲስካውንት የምንለው። በ10 ቀን ውስጥ ከከፈለ 2 በመቶ ይቀነስለታል፤ ካልሆነለት ግን እስከ 30ኛው ቀን ሙሉውን መክፈል አለበት።

በእነዚህ ሁለት መስመሮች ላይ የሚሠሩት ስህተቶች አብዛኞቹ የመደመርና የማባዛት አይደሉም፤ እሱንማ ካልኩሌተሩ ይሠራዋል። ነገሩ የሚበላሸው «ስንት በመቶ?» ተብሎ «የምኑ?» ሳይባል ሲቀር ነው። ምሳሌዎቹ ይህንኑ የ40,000 ብር ኢንቮይስ ስለሚከተሉ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው አብረው ቢሠሩ የተሻለ ይገባዎታል።

ተከታታይ ቅናሾችን መደመር

ከሁሉም በላይ የተለመደው ስህተት ይህ ነው። 20፣ 10 እና 5 ሲደመሩ 35 ይሆናሉ፤ የ40,000 ብር 35 በመቶ 14,000 ስለሆነ ገዢው 26,000 ብር ይዞ ይመጣል። ሻጩ ደግሞ 27,360 ብር ይጠይቃል። ማንም ማንንም ሳያታልል የ1,360 ብር ጭቅጭቅ ይነሳል።

ትክክለኛው አካሄድ ይህ ነው። ከ40,000 ብር 20 በመቶው 8,000 ብር ነው፤ ሲቀነስ 32,000 ይቀራል። 10 በመቶው የሚሰላው ከዚህ ከቀረው 32,000 ላይ ስለሆነ 3,200 ብር ይሆንና 28,800 ይቀራል። 5 በመቶው እንደገና ከ28,800 ላይ ይሰላል፤ 1,440 ብር ነው፣ 27,360 ይቀራል። እያንዳንዱ ቅናሽ የሚነካው ከፊቱ ያለው ቅናሽ ያስቀረውን ነው። የመጀመሪያውን ዋጋ ዳግመኛ አያየውም።

በአንድ ጊዜ ለመሥራት የሚባዙት የቅናሾቹ መጠኖች ሳይሆኑ ከመቶው የሚቀሩት ናቸው፦ 0.80 × 0.90 × 0.95 = 0.684። ይህን በ40,000 ቢያባዙ 27,360 ይመጣል። 0.684 ከ1 ሲቀነስ 0.316 ነው፤ ስለዚህ ሦስቱ ቅናሾች በአንድ ላይ 31.6 በመቶ ናቸው። ተማሪዎች ፈተና ላይ ቅናሾቹን ራሳቸውን ሲያባዙ ይታያል፤ 0.20 × 0.10 × 0.05 ብለው 0.001 ላይ ይደርሳሉ። ይህ ማለት ሦስት ቅናሽ ተደራርቦ አንድ ሺህኛ ብቻ ቀነሰ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን መልስ ወዲያው የሚይዝ መፈተሻ አለ፦ የሁሉም አቻ የሆነው ቅናሽ ምንጊዜም ከትልቁ ቅናሽ ይበልጣል፣ ከድምራቸው ያንሳል። እዚህ ከ20 በላይ፣ ከ35 በታች መሆን አለበት።

ካልኩሌተር በሌለበት ሁለት ሁለቱን እያጣመሩ መሥራት ይቻላል። ሁለቱን ይደምሩ፣ ብዜታቸውን ለመቶ አካፍለው ከድምሩ ይቀንሱ። 20 እና 10 ድምራቸው 30፣ ብዜታቸው ለመቶ ሲካፈል 2፤ ውጤቱ 28 ነው። 28 እና 5 ድምራቸው 33፣ ብዜታቸው ለመቶ 1.4፤ ውጤቱ 31.6። ለገበያ ድርድር ይህን ዘዴ ማወቅ በጣም ይጠቅማል።

የቅናሾቹ ቅደም ተከተል ውጤቱን አይለውጠውም። 5/10/20 ቢባልም 27,360 ነው። «ትልቁ ይቅደም» እያሉ መከራከር ምንም ብር አያስገኝም። የካልኩሌተሩ የፐርሰንት ቁልፍ ግን ከማሽን ማሽን ስለሚለያይ 40,000 × 0.8 × 0.9 × 0.95 ብሎ መጻፉ አስተማማኝ ነው።

ቀድሞ ማጠጋጋት

31.6 በመቶን «ያው 32 ነው» ያለ ሰው 27,200 ብር ላይ ይደርሳል፤ 160 ብር ጠፋ። ዋጋው ሲያድግ ጉድለቱም ያድጋል። በ15/10/7.5 ቅናሽ ከመቶው የሚቀረው 0.707625 ነው። ይህን 0.71 ብሎ 300,000 ብር ላይ ያባዛ 213,000 ያገኛል፣ ትክክለኛው 212,287.50 ነው። የ712.50 ብር ልዩነት የመጣው ከማጠጋጋቱ ብቻ ነው። አሥርዮሹን እስከ መጨረሻው ይያዙትና ብርና ሳንቲሙን መጨረሻ ላይ አንዴ ያጠጋጉ።

ከተጣራ ዋጋ ወደ ዝርዝር ዋጋ ሲመለሱ ማባዛት

የተጣራው ዋጋ 27,360 ብር፣ ቅናሹ 31.6 በመቶ ከሆነ የዝርዝሩ ዋጋ ስንት ነበር? ብዙዎች 31.6 በመቶውን መልሰው ይጨምራሉ፤ 27,360 × 1.316 = 36,005.76። ነገር ግን ቅናሹ የተሰላው ከ40,000 ላይ እንጂ ከ27,360 ላይ አልነበረም። ከትልቅ ቁጥር የተቀነሰ መቶኛ ትንሹ ላይ ቢጨመር ያንኑ አይመልስም። የሚያስኬደው ማካፈል ነው፦ 27,360 ÷ 0.684 = 40,000።

ቫትን ከዋጋ ውስጥ ሲያወጡም ያው ነው። ቫትን ጨምሮ 46,000 ብር የተባለ ዕቃ 15 በመቶውን በቀጥታ ሲቀንሱለት 39,100 ይሰጣል፤ ለ1.15 ሲካፈል ግን ትክክለኛው 40,000 ይወጣል።

የጥሬ ገንዘብ ቅናሹን ከዝርዝር ዋጋው ላይ ማስላት

2 በመቶው የ40,000 አይደለም። የንግድ ቅናሹ ወርዶ የቀረው የ27,360 ብር 2 በመቶ ነው፦ 547.20 ብር። ከ40,000 ላይ አስልቶ 800 ብር የቀነሰ ገዢ 252.80 ብር አጉድሎ ከፍሏል፤ ሻጩም በሚቀጥለው ወር ቀሪ ዕዳ ብሎ ያስታውሰዋል። በ10 ቀን ውስጥ ለሚከፍል ትክክለኛው ክፍያ 26,812.80 ብር ነው።

2 በመቶውን እንደ አራተኛ ቅናሽ 20/10/5/2 አድርጎ መቀጠልም አይገባም። ቁጥሩ ሊገጥም ይችላል፤ ጸባዩ ግን ሌላ ነው። የንግድ ቅናሹ ያለቀለት ነገር ስለሆነ መዝገብ ላይ አይታይም። ግዢው በ27,360 ይመዘገባል እንጂ 40,000 ተብሎ 12,640 ቅናሽ ተብሎ አይጻፍም። ለዕቃ ክምችት የሚያገለግለው ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ አይኤኤስ 2፣ የንግድ ቅናሽ ከግዢ ወጪው ላይ እንዲቀነስ ያዛል። የጥሬ ገንዘብ ቅናሹ ግን ገዢው በቀኑ ከከፈለ ብቻ የሚገኝ ነው፤ ካልከፈለ የለም።

በማጓጓዣና በቫት ላይ ቅናሽ መውሰድ

ሻጩ የጭነት መኪናውን 1,200 ብር ከፍሎ ኢንቮይሱ ላይ ቢጨምረው ድምሩ 28,560 ይሆናል። 2 በመቶው ከዚህ ድምር ላይ አይሰላም፤ ሻጩ ለሌላ ሰው በከፈለው ገንዘብ ላይ ቅናሽ አልሰጠም። ቅናሹ 547.20 እንደሆነ ይቀጥልና የሚከፈለው 28,012.80 ነው።

ቫት ላይ ስህተቱ ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው 15 በመቶውን ከዝርዝር ዋጋው ላይ ማስላት ነው። የ40,000 ቫት 6,000 ብር፣ የ27,360 ቫት ደግሞ 4,104 ብር ነው፤ ገዢው ካልከፈለው ዋጋ ላይ 1,896 ብር ታክስ መጣ ማለት ነው። ትክክለኛው የኢንቮይስ ድምር፣ ማጓጓዣውን ትተን፣ 31,464 ብር ነው። ሁለተኛው ስህተት ገዢው በ10 ቀን ውስጥ ሲከፍል 2 በመቶውን ከ31,464 ላይ በራሱ መቀነሱ ነው፤ 629.28 ይወጣል። ከ547.20 የሚበልጠው 82.08 ብር የቫቱ ድርሻ ነው። ዋጋው ኢንቮይስ ከተቆረጠ በኋላ ሲቀንስ ቫቱ የሚስተካከለው በሻጩ ክሬዲት ኖት (ሻጩ ዋጋው መቀነሱን ገልጾ በሚሰጠው ሰነድ) እንጂ በገዢው ውሳኔ አይደለም። ክሬዲት ኖቱ እጅ ሳይገባ 82.08 ብሩን አይንኩ።

የተመለሰ ዕቃን በዝርዝር ዋጋው መቀነስ

ከዕቃው መካከል በዝርዝሩ 5,000 ብር የሚያወጣ ተሰብሮ ተገኘና ተመለሰ። 5,000 ብር አይቀነስም፤ ገዢው ያን ያህል አልተጠየቀበትም። የተጠየቀው 5,000 × 0.684 = 3,420 ብር ነው። ከ27,360 ላይ 3,420 ሲቀነስ 23,940 ይሆናል፤ 2 በመቶው 478.80፣ ክፍያው 23,461.20። ተመላሹ ሁልጊዜ ከጥሬ ገንዘብ ቅናሹ በፊት ይወጣል።

በከፊል ሲከፈል 2 በመቶ መጨመር

ሻጩ ለከፊል ክፍያም ቅናሹን ከፈቀደ፣ ገዢውም በስምንተኛው ቀን 15,000 ብር ቢከፍል ዕዳው በስንት ይቀንሳል? 15,000 × 1.02 = 15,300 ማለት ወደ ዝርዝር ዋጋ ሲመለሱ ማካፈልን ትቶ የማባዛቱ ስህተት ተመልሶ መምጣት ነው። የተከፈለው 15,000 ብር ከተሰረዘው ዕዳ 98 በመቶው ስለሆነ ይካፈላል፦ 15,000 ÷ 0.98 = 15,306.12። ቀሪው ዕዳ 12,053.88 ብር ነው። የ6.12 ብር ጉዳይ ቀላል መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ነገር ግን ቅናሹ 5 በመቶ፣ ክፍያው 190,000 ቢሆን በማባዛት 199,500፣ በማካፈል 200,000 ይመጣል። 500 ብር ማለት ነው።

ቀን መቁጠር

እዚህ ላይ ሰፋ ማለት ያስፈልጋል፤ ስሌቱ ሁሉ ትክክል ሆኖ ቅናሹ በቀን ምክንያት የሚቀርባቸው ብዙዎች ናቸውና።

ኢንቮይሱ የተጻፈበት ቀን አይቆጠርም፤ ቆጠራው ከማግስቱ ይጀምራል፣ የመጨረሻው ቀን ግን ይቆጠራል። ጥቅምት 25 የተቆረጠ ኢንቮይስ እስከ ጥቅምት 30 አምስት ቀን አለው፣ የቀረው አምስት ኅዳር 5 ላይ ያልቃል። ወሮቻችን 30 ቀን ስለሆኑ ይህ ቀላል ነው፤ ነሐሴ እስኪደርስ ድረስ።

ነሐሴ 28 ቀን 2018 የተቆረጠውን ኢንቮይስ እንይ። እስከ ነሐሴ 30 ሁለት ቀን፣ ጳጉሜን አምስት ቀን፣ የቀረው ሦስት፤ የቅናሹ መጨረሻ መስከረም 3 ቀን 2019 ነው። ጳጉሜንን የዘለለ ሰው መስከረም 8 ይላል፤ እሱ ግን 15ኛው ቀን ነው። ሌላም አለ፦ መስከረም 1 ዓርብ ላይ የሚውል በዓል ነው፣ መስከረም 3 ደግሞ እሑድ። ውሉ «ቀኑ በዓል ላይ ከዋለ ወደሚቀጥለው የሥራ ቀን ይሸጋገራል» ካላለ በስተቀር ገንዘቡ እሑድ ከመድረሱ በፊት ወጥቶ ማለቅ አለበት።

«ኔት 30»ን «አንድ ወር» ብሎ ማንበብም በዚሁ ሰሞን ነው የሚጎዳው። ነሐሴ 20 ቀን 2018 የተቆረጠ ኢንቮይስ 30ኛ ቀኑ መስከረም 15 ነው፤ መስከረም 20 ያለ ሰው አምስት ቀን አሳልፏል። በ2019 ጳጉሜን ስድስት ቀን ስለምትሆን የነሐሴ 20ው ኢንቮይስ መስከረም 14 ላይ ያልቃል።

ከውጭ ለሚመጣ ኢንቮይስ ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። ከአሜሪካ የመጣ 03/04 የማርች 4 ነው፤ ከአውሮፓ የመጣው ግን የኤፕሪል 3 ሊሆን ይችላል። ዕቃው ከመጣበት ቀን ጀምሮ እንዲቆጠር የተስማሙ ከሆነም መነሻው የመረከቢያው ቀን እንጂ የኢንቮይሱ ቀን አይደለም፤ ዕቃው በመርከብ ጅቡቲ እስኪደርስና ወደ አዲስ አበባ እስኪጫን ድረስ ለሚጠብቅ አስመጪ ይህ አንድ ቃል ብዙ ሳምንት ዋጋ አለው። በወሩ መጨረሻ የሚቆጠር ውል ደግሞ 10 ቀኑን ከተከታዩ ወር መጀመሪያ ያስቆጥራል።

«2 በመቶ ምን ያደርግልኛል?» ማለት

ቅናሹን የተወ ገዢ 26,812.80 ብርን ለ20 ቀን ተበድሮ 547.20 ብር ወለድ እንደከፈለ ይቆጠራል። ጊዜው ከ10ኛው እስከ 30ኛው ቀን ያለው 20 ቀን ብቻ ነው፤ 30 ቀን አድርገው የሚያሰሉ ወጪውን ያሳንሱታል። 2 ÷ 98 × 365 ÷ 20 ሲሠራ በዓመት 37.24 በመቶ አካባቢ ይመጣል።

ስለዚህ ገንዘብ እጅ ላይ ባይኖርም መበደር ሊያዋጣ ይችላል። በዓመት 18 በመቶ ወለድ 26,812.80 ብር ለ20 ቀን ቢበደሩ ወለዱ 264.46 ብር ነው። ከቅናሹ ሲቀነስ 282.74 ብር ይተርፋል። በሦስተኛው ቀን መክፈልም ከአሥረኛው ቀን የበለጠ ምንም አያስገኝም። የባንክ ዝውውሩ አንድ ቀን የሚወስድ ከሆነ ትዕዛዙን በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ይስጡ።