ባሕር ዳርን ከሰማይም ከምድርም

ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የምትመጡ ከሆነ መስኮት ዳር ተቀመጡ። ሰማዩ ከጠራ ጣና ከነደሴቶቹ ከሥራችሁ ተዘርግቶ ታዩታላችሁ።

ለጢስ ዓባይ ግን ወሩን ምረጡ። እኔ አክስቴን ከደብረ ማርቆስ ድረስ አምጥቼ ግንቦት ላይ ወሰድኳት። ቆማ አየችና «ልጄ፣ ጢሱ የታል?» አለችኝ። አፈርኩ። ውሃው በበጋ ይሳሳል፤ ከፊሉም ወደ ኃይል ማመንጫው ይሄዳል። ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ሂዱ። ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚርቅ ማልዳችሁ ውጡ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራውን የድንጋይ ድልድይ ተሻግራችሁ ትወጣላችሁ። መንገዱ ጭቃ ነው፤ ነጠላ ጫማ እንዳታስቡት!

ማታ ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ሆናችሁ ዓባይን ቁልቁል እዩት። ዘጌን ለማግስቱ ጠዋት አቆዩት፤ ከሰዓት ጣና ላይ ነፋስ ይነሣል፣ ጀልባዋም ትወዛወዛለች።